ያነሳ ይሰይማል

ሳኦ ፓውሎ፣ ጁን 27 ቀን 1993

ለተከበሩት አክስቴ ለቶሜ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እዚያ አሁን የዝናቡ ወር ነው፤ ጉልበትዎን እንዴት እያደረገዎ ይሆን? እዚህ የብርድ ወቅት ገብቷል። ብርድ ስል ታዲያ የኦኩዛዋን በረዶ እንዳያስቡ፤ ሹራብ ቢጤ የሚያስለብስ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ልብስ ማጠቢያ ቤቱም ደህና ነው፤ የመተኮሻው እንፋሎት ፊቴን እየቀቀለ ያስረጀኛል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም። ሙታኖቻችን በያሉበት ይጠብቁዎ።

አሁን ወደ ቁም ነገሬ ልግባ። ከሦስት ቀን በፊት፣ ሐሙስ ጧት፣ ሴት ልጅ ወለድን! ኤሌና አርባ ዓመቷ ነው፤ ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ሳይጸና ቀርቶብናል፤ ይህን ለእርስዎ ጽፌም አላውቅ። ተስፋ ቆርጠን ነበር። ልጅቷ ጤነኛ ናት፤ ጩኸቷ የጎረቤት ውሻ ያስነሳል።

ነገር ግን አማቴ እንቅልፍ አጥታለች። ከኩማሞቶ በመርከብ ከመጣች ስልሳ ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ ያመጣችውን አንዱንም አልረሳች። «አባትየው አርባ ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ነው። በዚህ ዓመት የመጣች ልጅ ወይ አባቷን ትበላለች ወይ ራሷ አታድግም። ተጥላ በሌላ ሰው መነሳት አለባት» ትላለች። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ እኔም በአባቴ በአርባ ሁለተኛ ዓመት ተወልጄ፣ ከቤታችን በታች ባለው መስቀለኛ መንገድ ላይ በሰፌድ ተጥዬ፣ የአባቴ የአጎት ልጅ ሚስት የሆኑት እርስዎ በመጥረጊያ ጠርገው እንዳነሱኝ ነገርኳቸው። አማቴ እጇን አጨበጨበች። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ያነሳ ይሰይማል! ለሴትዮዋ ጻፍላት!» አለችኝ።

ስለዚህ ጻፍኩ። ኤሌና ልጅቷ «ሺዮሪ» እንድትባል ትመኛለች። እዚያ የጧቱን ድራማ የሚያዩ ከሆነ የዋናዋ ልጅ ስም ነው፤ ለኛ ካሴቱ በጃፓናውያን ማኅበራችን በኩል በወር ዘግይቶ ይደርሰናል። ሆኖም የመሰየሙ መብት የእርስዎ ነው። እሺ ካሉ ስሙን በእጅዎ በብሩሽ ጽፈው ይላኩልን፤ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን። እስከ ሴፕቴምበር 23 በቆንስላው ካላስመዘገብናት ጃፓናዊነቷ ይቀራል፤ ከአባቴ መዝገብ ውስጥ ስሟ አይገባም። ጊዜ ስላለ አይጨነቁ።

ስልክ ልደውል አስቤ ነበር። ባለፈው ዘመን መለወጫ «ማነህ? ማነህ?» ብለው ስለዘጉብኝ ተውኩት።

አክባሪዎ
አሳኖጆ


ኦኩዛዋ፣ ጁላይ 21 ቀን 1993

ለልጄ ለአሳ፣

እንደምን አለህ? ሚስትህስ እንደምን ናት? እንኳን በሰላም ተገላገለች፤ ጡቷ ይሙላ፣ ወገቧ ይጽና። ደብዳቤህ የደረሰኝ ጁላይ 6 ነው። ወዲያው ወደ አባትህና እናትህ መቃብር ወጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ዝናብ ስለነበር ጫፉ ረጥቧል፤ ቀለሙ ግን አልለቀቀም።

አንተ ስትሄድ ሠላሳ ስምንት ቤት ነበርን። አሁን ጭስ የሚወጣው ከሦስት ነው፤ ከኔ፣ ከሪትሱና ከሽማግሌው ኪዩሄ። ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ የሚሸጠው መኪና ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣ ነበር፤ «ለሦስት ሰው ጥሩምባ አልነፋም» ብሎ ቀረ። ሪትሱ በየቀኑ ትመጣለች፤ ሻዬን ጠጥታ፣ ሰው አምታ፣ ትሄዳለች። የሚታማ ሰው ስለሌለ ኪዩሄን በየቀኑ እናማዋለን።

ስለ ስሙ አስብበታለሁ። ስም ጎመን አይደለም፣ ብድግ ብለው አይቀጥፉትም። ደግሞ ብሩሼን ብል በልቶታል፤ ከተማ ወርጄ ልግዛ ብል ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው። የኔን ስም ታውቀው የለ? ቶሜ፣ ማቆም። አምስተኛ ሴት ሆኜ ስመጣ አባቴ ለሰማይ የሰጠው ትእዛዝ ነው፤ «በቃ፣ ሴት አቁም!» ማለቱ ነው። ከኔ በኋላ ሁለት ሴት ተወለዱ። እንግዲህ ስም መስጠት ቀላል ነው ያለህ ሰው ካለ ላከው ወደኔ።

ፎቶዋን ላክልኝ።

ቶሜ


ሳኦ ፓውሎ፣ ኦገስት 2 ቀን 1993

ለተከበሩት አክስቴ ለቶሜ፣

ሙቀቱን እንዴት ቻሉት? ደብዳቤዎን ሳገኝ እዚያው ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ እንደቆምኩ አነበብኩት። ስለ ሪትሱና ስለ ኪዩሄ ያሉትን ለኤሌና ስተረጉምላት በሳቅ ፈረሰች። ግን እስከ መጨረሻው ካነበብኩላት በኋላ «ስሙስ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ፎቶ እንዳልልክልዎ አማቴ ከልክላለች። ስም የሌላት ልጅ ፎቶ አትነሳም ትላለች። እስካሁን «እሷ» ነው የምንላት። እሷ ጠባች፣ እሷ ተኛች። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ «ስሟ ማን ነው?» ሲለን አንዱ ሌላውን እናያለን።

ሠፈራችን ባዶ ሆኗል። የዚህ አገር ልጆቻችን ሁሉ ለፋብሪካ ሥራ ወደ ጃፓን እየሄዱ ነው፤ ከፎቅ በላይ ያሉት፣ ከፊት ለፊት ያለው ሥጋ ሻጭ፣ የሚስቴ ወንድም ሳይቀር። አያቶቻቸው በመርከብ የመጡበትን መንገድ በአውሮፕላን ይመለሱበታል። እኔ እዚያ ተወልጄ እዚህ ቀረሁ፤ እነሱ እዚህ ተወልደው እዚያ ናቸው። ልብሱን የሚያሳጥበኝ ሰው በየወሩ ይቀንሳል። እሑድ እሑድ መተኮሻውን አጥፍቼ ስቀመጥ፣ አገር የለቀቅኩ ዕለት አውቶቡሱ ከመስቀለኛው መንገድ ሲነሳ እርስዎ እየሮጡ «ዞረህ እይ! አሳ፣ ዞረህ እይ!» ብለው የጮኹት ይመጣብኛል። ሦስቴ ዞሬ አየሁ፤ ያስታውሳሉ? ሰው ሁሉ «ደህና ግባ» ሲለኝ እርስዎ ለምን ያን እንዳሉኝ ጠይቄዎ አላውቅም።

እባክዎ ስሙን ይላኩልን። «እሺ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃናለች።

አክባሪዎ
አሳኖጆ


ኦኩዛዋ፣ ኦገስት 20 ቀን 1993

ለልጄ ለአሳ፣

የሙታን በዓል በሰላም አለፈ። የወላጆችህን መቃብር አረም ነቅዬ፣ ውኃ አፍስሼ፣ ፋኖሱን አብርቼላቸዋለሁ። ከከተማ ልጅ የመጣለት ኪዩሄ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ቀን አድሮ «አባባ፣ እዚህ የመኪናዬ ስልክ አይሠራም» ብሎ ሄደ። ያን ዕለት ኪዩሄ በራችን ላይ ሲያልፍ እንዳያፍር እኔም ሪትሱም እንዳላየ ሰው ሆንን።

ስለ ስሙ፤ ኪኩ ብትሉስ? ወይም ሃሩ? አበባና ፀደይ፤ ማንንም ያላስቀየሙ ስሞች ናቸው። ከቴሌቪዥን የመጣ ስም ግን ከቴሌቪዥኑ ጋር ያረጃል። ሪትሱን ጠይቃት። አንዷ የልጅ ልጇ በዘፋኝ ስም ተሰየመች፤ ያ ዘፋኝ በቅሌት ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሌላዋ በካርቱን ጀግና ስም ተጠራች፤ ክፍሏ ውስጥ ስድስት ናቸው፣ መምህሯ ሲጠራ ስድስቱም «አቤት» ይላሉ። ሪትሱ ራሷ «እኔ በስም የማውቃት ሦስተኛዋን ብቻ ነው» ትለኛለች።

ድራማውን አላይም አልልህም። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ በፊት ሩዜን ጨርሼ ፊቱ እቀመጣለሁ። ለማጣራት ነው። የቤተ መቅደሱን መነኩሴ ትርጉሙን ጠየቅኩት፤ ድሮ ሰው ጫካ ሲገባ ተመልሶ የሚወጣበት እንዳይጠፋው በመንገዱ የሚሰብራት ቅርንጫፍ ናት ሺዮሪ አለኝ። ደስ የሚል ነገር ነው። ይቺ የድራማው ሺዮሪ ግን ኦሳካ ከተማ ጣፋጭ ቤት ሥራ ከገባች ጀምሮ ለአያቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጻፈችለትም። ሽማግሌው ተራራ ላይ ብቻውን ነው። ሪትሱን «ይቺ ልጅ ትመለሳለች ብለሽ ነው?» አልኳት፤ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጸሐፊውን ጠይቂው» አለችኝ። እንግዲህ አትቸኩል።

ጉልበቴ ተሽሎኛል። ብሩሽ ግን ገና አልገዛሁም።

ቶሜ


ሳኦ ፓውሎ፣ ኦገስት 30 ቀን 1993

አክስቴ ቶሜ፣

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እመልሳለሁ።

ለኤሌና አነበብኩላት። «እዚህ ስለተወለድኩ አልወደዱኝም» አለችኝ። አይደለም ብላት እንዴት ታምነኛለች? በመጀመሪያ ብሩሽ፣ ቀጥሎ ጉልበት፣ አሁን ደግሞ ድራማ ነው። ከቴሌቪዥን የመጣ ስም አይበጅም ይሉኛል። እርስዎ ራስዎ እኔን ከሲኒማ አልሰየሙኝም? ትምህርት ቤት ልጆች የእንጨት ሰይፍ ይዘው «ጌታዬ አሳኖጆ፣ ከሰሉን ተሸከሙልን» እያሉ ሲያላግጡብኝ አልቅሼ ወደ እርስዎ ነበር የምመጣው። እርስዎም «ሳቃቸውን ተወው፤ አሳኖጆ በመጨረሻ በነጭ ፈረስ የተመለሰ ሰው ነው» ይሉኝ ነበር።

አማቴ ከዚህ በላይ አትጠብቅም። ስሙ እስከ ሴፕቴምበር 20 ካልደረሰን ጎረቤታችን ወይዘሮ ናኦኤ ያነሷታል፤ እሳቸውም ይሰይሟታል። ሌላ ሰው ያነሳት ልጅ የሌላ ሰው ናት። እኔ ይህን አልፈለግኩም።

አሳኖጆ


ኦኩዛዋ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1993

አሳ፣

ሰላምታ ደርድሬ ጊዜህን አልበላም። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ፤ ምሳዬ እንደቀረበ ቀረ። ይህን ነገ በጧቱ አውቶቡስ ከተማ ወርጄ በፈጣን ፖስታ እልከዋለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው። ደህና ነበር። ብሩሽም ነበረኝ። ዋሽቼሃለሁ። የዋሸሁህ ግን በዚህ ብቻ አይደለም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ነው፤ ተቀምጠህ አንብበው።

አንተ በተወለድክበት መኸር ተዘዋዋሪ ሲኒማ መጣና በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነጭ ጨርቅ ወጠሩ። ባለ ሁለት ክፍል የሰይፈኞች ፊልም ነበር፤ ያሳዩን የመጀመሪያውን ነው። አሳኖጆ የሚባል ጎበዝ ነበረበት፤ አንዲት የጀልባ መሻገሪያ አሮጊት ወንዝ ዳር ወድቆ አግኝታ ያሳደገችው። ብቻውን አሥራ አንድ ወንበዴ ጥሎ መንደሯን አዳነላት። ከዚያ «በረዶው ሳይቀልጥ እመለሳለሁ» ብሏት ወደ ዋናው ከተማ ወደ ኤዶ መንገድ ሲጀምር መብራት በራ። ሲኒማ አሳዪዎቹ «ቀሪውን በፀደይ እናመጣለን» አሉን። መንደሩ ሁሉ አበደ።

ከሦስት ቀን በኋላ እናትህ አንተን በሰፌድ መስቀለኛው መንገድ ላይ አስቀመጠችህ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ካገባሁ ሰባት ዓመት፣ ማህፀኔ ዝም ያለ። ሦስቴ በመጥረጊያ ጠርጌ አነሳሁህ። ቀላል ነበርክ። አባትህ ኢሳሙ ወይም ሾጂ የሚል ተራ ስም ጠብቆ ነበር፤ እኔ «አሳኖጆ» አልኩ። የከሰል አክሳይ ልጅ በጌታ ስም! የአባትህ ፒፓ ከአፉ ወደቀ። ግን ያነሳ ይሰይማል፤ ምን ይበል? ከዚያ እንደ ደንቡ በራችሁ ድረስ ወስጄ «ልጅ አግኝቻለሁ፤ ታሳድጉልኛላችሁ?» አልኩ። እናትህ «እናሳድጋለን» ብላ እጇን ዘረጋች። ከሰፌዱ አውጥቼ ለመስጠት ቆየሁ። እናትህ አይታኛለች፤ ግን አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

ያን ዓመት በረዶው እስከ ጣሪያ ደርሶ መንገድ ተዘጋ። ይመለሳል አይመለስም እያልን ስንከራከር ከረምን። ፀደይ መጣ፤ ሲኒማዎቹ አልመጡም። ከተራራው ማዶ ከተማ ውስጥ ሁለተኛውን ክፍል እንደሚያሳዩ ሰማሁ። እናትህ ሩዝ ተከላ ላይ ስለነበረች አንተን አዝዬ የሦስት ሰዓት መንገድ ሄድኩ። የእርሻ ወራት ነውና ከመንደሩ ሌላ ሰው አልሄደም።

አሳኖጆ አልተመለሰም፣ ልጄ። ኤዶ ገብቶ የትልቅ ጌታ ባለሟል ሆነ። አሮጊቷ በእግሯ ልታየው ሄደች። ድልድይ ላይ በፈረስ ሲያልፍ «ልጄ!» ብላ ጠራችው። አጃቢው «ያውቋታል ወይ?» አለው። «አላውቃትም» አለ። ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። በቃ፣ መብራት በራ። አንተ ጀርባዬ ላይ ተኝተህ ነበር።

እየተመለስኩ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። መንደር ስደርስ ሰው ከማሳ ውስጥ ጭቃውን እንደያዘ እየወጣ «እንዴት ሆነ? ተመለሰ?» አለኝ። «ተመለሰ። በነጭ ፈረስ» አልኩ። ሁሉም ደስ አላቸው። ሪትሱ እስከ ዛሬ የምታውቀው የኔን መጨረሻ ነው።

ከዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላህ መርከብ ልትሳፈር አውቶቡስ ወጣህ። «ዞረህ እይ» ያልኩህ ለዚህ ነው። ዞረህ አየኸኝ፤ እኔ ሞኟ ዳንኩ ብዬ ተደሰትኩ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት። አባትህ ሞተ፣ እናትህ ሞተች፣ አልመጣህም። አልወቅስህም። ያስቀረሁህ እኔ ነኝ፤ መጨረሻውን ሳልጠብቅ ባላለቀ ታሪክ ሰይሜህ።

ስለዚህ ለልጅህ መጨረሻውን አይቼ ነው የምሰይመው ብዬ ማልኩ። ድራማው የሚያልቀው ኦክቶበር 2 ነው። የናንተ ሕግ ሴፕቴምበር 23 ነው። በየጧቱ ያን ሽማግሌ እያየሁ «ምናለ አሁን ብትመለስለት» እላለሁ፤ እነሱ ግን በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጡኝ። ኪኩና ሃሩ ያልኩህ ፈርቼ ነው። ለኤሌና ንገራት። እንኳን ልጠላት፣ ስሟን በየጧቱ እጠራለሁ።

ሌላ ሰው ያነሳታል ስትለኝ ግን አልቻልኩም። ሺዮሪ ብያታለሁ። መጨረሻውን ሳላውቅ። ወረቀቱ ውስጡ አለ፤ ብሩሹ ትንሽ ወላውሏል፤ ይቅር በሉኝ።

ቶሜ


ሳኦ ፓውሎ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1993

እማ ቶሜ፣

እንዴት ነሽ? ዛሬ ሰኞ ጧት ቆንስላው ሲከፈት በሩ ላይ ነበርን። ተመዝግባለች። ጸሐፊዋ ስሙን ስታነብ «ከድራማው ነው?» ብላ ፈገግ አለች። ኤሌና በተሰባበረ ጃፓንኛዋ «አይደለም፣ ከአያቷ ነው» አለቻት። ወረቀትሽ ከአልጋዋ በላይ ተሰቅሏል። መወላወሉን አማቴ አይታ «የእውነት ሰው የጻፈው ነው» ብላ አመሰገነችሽ።

አሁን እኔም የምነግርሽ አለኝ። አውቅ ነበር።

እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ገና ቡና እርሻ ላይ ሳለሁ፣ የማኅበሩ አዳራሽ አሮጌ ፊልም አመጣ። ስሙን ግድግዳ ላይ ሳነብ ዘለልኩ። የሥራ ጓደኞቼን በሙሉ ኦቾሎኒ ገዝቼላቸው ወሰድኳቸው። «ይህ የኔ ስም ነው፤ ቆዩ፣ በመጨረሻ በነጭ ፈረስ ሲመለስ ታያላችሁ» አልኳቸው። ሁለቱንም ክፍል ተከታትለን አየን። ፈረሱ ነጭ እንኳ አልነበረም፣ እማ። ጓደኞቼ «ምነው፣ ፈረስህ ጠፋ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን እሱን ማየት ትቼ ድልድዩ ላይ የቀረችውን አሮጊት ነበር የማየው። ያኔ «ዞረህ እይ» ያልሽኝ ገባኝ። የዚያን ጊዜ ምን ያህል እንደናፈቅኩሽ እዚህ ወረቀት ላይ አይገባም።

ለምን አልጻፍኩልሽም? ለኔ ብለሽ የሠራሽውን መጨረሻ ልቀማሽ አልፈለግኩም። ደግሞ አፍሬ ነበር። ይኸው ሁለታችንም አንድ ነገር እያወቅን፣ አንቺ እዚያ እኔ እዚህ፣ ሃያ ዓመት ለየብቻችን ተሸከምነው።

ስሙ አይደለም ያስቀረኝ። ያን ሸክም ከራስሽ ላይ አውርጂ። መጀመሪያ ቡናውን ውርጭ መታው፣ ቀጥሎ ሱቁ መጣ፣ ቀጥሎ አባቴ ሲሞት ሳልደርስ ቀረሁና ፊቴን ማሳየት አፈርኩ። ሰው ከአገሩ የሚቀረው በአንድ ቀን ቁርጥ አድርጎ አይደለም፤ «በሚመጣው ዓመት» እያለ ነው። ግን ያ የሲኒማው ሰውዬ ለእናቱ አንድ ደብዳቤ አልጻፈም። እኔ ጽፌያለሁ። ይህቺን ታህል ቁጠሪልኝ።

አማቴ መጣሉና መነሳቱ አሁንም ይቀራል ትላለች። ፎቶዋ ይኸው። የመጀመሪያዋ ነው፤ አፏን የከፈተችው እየጮኸች ነው። መጣሉ የኛ ነው፣ ማንሳቱ ያንቺ። ልጅቷ ጠንከር ስትል እኛም በሚመጣው ዓመት... ይኸው ደግሞ አልኩት።

ልጅሽ
አሳ


ኦኩዛዋ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1993

ለልጄ ለአሳ፣ ለልጄ ለኤሌና፣

እንደምን አላችሁ? የአማትህ ዕድሜ ይርዘም፤ እኔም ሳላውቃት ወድጃታለሁ።

ደብዳቤው የደረሰኝ ትናንት ነው። አውቅ ነበር ያልከው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ተናደድኩብህ። ሃያ ዓመት! ከዚያ ሳቅ መጣብኝ። ኦቾሎኒ ገዝተህ! ከዚያ ደግሞ ሌላው መጣ፤ እሱን አልጽፈውም።

ዛሬ ቅዳሜ የድራማው የመጨረሻ ጧት ነበር። ሩዜን በላሁ፣ ፊቱ ተቀመጥኩ፣ እጄን ዘርግቼ አጠፋሁት። አላየሁትም። ስንት ወር ሙሉ ስጠብቀው ከርሜ አሁን ይቺ ልጅ ተመለሰችም አልተመለሰችም ስሙ አንዴ ከእጄ ወጥቷል። ሰፌዱን ከጓዳ አወጣሁ፤ ያው ያንተ ነው፣ አንዱ ጠርዙን አይጥ በልቶታል። መጥረጊያዬን ያዝኩ። ወደ መስቀለኛው መንገድ ወረድኩ። ፎቶዋን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ነፋስ እንዳይወስዳት ጫፏ ላይ ትንሽ ጠጠር አደረግኩባት።

ሪትሱ ከላይ እየሮጠች መጣች። «አላየሽም? ቶሜ፣ አላየሽም? መጨረሻውን ልንገርሽ፣ ልጅቷ...»

«ሪትሱ፣ አንዲት ቃል ከተናገርሽ ከዛሬ ጀምሮ ሻይ የለሽም» አልኳት።

«እብድ ነሽ። ፎቶ ትጠርጊያለሽ?»

«አዎን እጠርጋለሁ። ዝም ብለሽ ቁሚ።»

መጀመሪያ ሳቀች። ሦስቴ ጠርጌ ሰፌዱ ላይ ሳወጣት ግን በሽርጧ ፊቷን ጠረገች። ከአንተ ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ የተነሳ ልጅ የለም። ፎቶ ከልጅ ይቀላል ብዬ ነበር፤ ክንዴ ግን ዝሏል።

እንደ ደንቡ ወደ ቤታችሁ ወሰድኳት። አንድ ወገን ጣሪያው አምና በበረዶ ወድቋል፤ አልጻፍኩልህም ነበር። በሩ ቆሟል። አንኳኳሁ፤ ሰው ባይኖርም ይንኳኳል። «ልጅ አግኝቻለሁ፤ ታሳድጉልኛላችሁ?» አልኩ። ቆምኩ። ሪትሱ «እኔ እናሳድጋለን ልበልልሽ?» አለችኝ። «አይሆንም፣ ወላጇ ነው የሚለው» አልኳት። ብዙ ቆየሁ። ከውስጥ ያለቀለት የታታሚ ሰሌን ሽታ ብቻ መጣ። ማንም «እናሳድጋለን» አላለም።

ካሴቱ በሚመጣው ወር ይደርሳችኋል፤ መጨረሻውን ከኔ በፊት ታያላችሁ። በደብዳቤ እንዳትጽፉልኝ፤ በአፋችሁ ነው የምሰማው።

ሺዮሪ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሰፌዱ ላይ ተኝታለች። የተገኘ ልጅ ባለቤቶቹ በር ድረስ መጥተው «እናሳድጋለን» እስኪሉ ድረስ ያገኘው ሰው ዘንድ ይቆያል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

እናታችሁ
ቶሜ